ከሳማ እስከ ቀበርቾ

ሐምሌና ነሐሴ በደጋው ገበሬ ቤት ክፉ ወራት ናቸው። የአምናው እህል ተሟጧል፣ የዘንድሮው ገና ቡቃያ ነው። ይህን ጊዜ ከሚያሻግሩት አንዱ ማንም ያልዘራው ሳማ ነው። የአገራችን ደጋ ብቻ የሚያበቅለው ይህ ዝርያ ዝናብ እንዳገኘ በአጥር ጥግና በአሮጌ በረት ቦታ ይንሰራፋል። ሴቶች እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ለጋ ጫፉን ይቀጥፋሉ። ተከትፎ ይቀቀላል፤ የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት እየተነሰነሰበት ይማሰላል። ከፈላ በኋላ መለብለቡን ይተዋል፤ ቅቤ ባይኖርም ከእንጀራ ጋር እሰየው ነው።

የዱር ፍሬ የእረኛ ልጆች ድርሻ ነው። በደጋና በወይና ደጋ አጋም፣ እንጆሪ፣ ኮሽም፣ ዶቅማና ሾላ አሉ፤ ወደ ቆላ ሲወረድ ቁርቁራ፣ እንኮይና ሁመር ይተካሉ። ትምህርቱ ከታላቅ ወደ ታናሽ ነው። አጋም ጠቁሮ ካልበሰለ ነጭ ወተቱ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፤ ሾላም ተከፍሎ ውስጡ ነፍሳት አለመኖሩ ሳይታይ አይጎረስም። ቁርቁራ ደርቆ ገበያ ይወጣል። የጫካ ቅጠል ግን የችጋር ምግብ የሚል ስም ስላለበት የበላው ሰው እንኳ አያወራውም። በእኔ ግምት ይህ ኀፍረት ዕውቀቱን የጎዳው ከደን መመናመን ባልተናነሰ ነው።

መድኃኒቱን የሚጎዳው ደግሞ ምስጢር ነው። እርግጥ የቤት መድኃኒት የሁሉ ነው፤ ምች ለመታው ሰው ዳማ ከሴ ይታሽለታል፣ ያሸታል፣ ጭማቂውን ከቡና ጋር ይጠጣል። ለዚህ አዋቂ ፍለጋ አይኬድም። ከበድ ያለው ግን በደብተራና በባህል ሐኪም እጅ ነው። አባት ከልጆቹ ለአንዱ፣ ያውም ዕድሜው ሲገፋ፣ ያወርሰዋል፤ ተደቁሶ ስለሚሰጥም ታማሚው የዋጠውን ቅጠል አያውቀውም። በብራና ከሰፈሩት የመድኃኒት መጻሕፍት ከፊሉን የፖላንዱ ምሁር ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1968 አሳትሟል።

ከበድ ካሉት ውስጥ ኮሶ ግን ምስጢር ሆኖ አያውቅም። የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ተበጥብጦ ለሆድ ትል በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ ወዳድ ለሆነው አገር ይህ የዘወትር ግዴታ ነበር። እንግዳ ማየት ያልፈለገ ጌታ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባልለት ነበር፤ ማን ደፍሮ ይገባል? በ18ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን የጎበኘው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፏል፤ በ19ኛው ደግሞ አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። መጠኑ ሲያልፍ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ሊገድልም ይችላል። ክኒን ባለበት ዘመን ኮሶ የሚጠጣበት ምክንያት አይታየኝም። እንቆቆና መተሬም የዚሁ ወገን ናቸው። በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው አስተናግር ደግሞ ስሙ እንደሚለው ያስቀባዥራል፤ ቅጠሉን ከጎመን ጋር ያምታታ ሰው ሐኪም ቤት ካልደረሰ ያሰጋል።

ከዱር ቅጠል ወደ ቤተ ሙከራ የተሻገረው ታሪክ የእንዶድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያ አስተላላፊ ነው። ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር የቀጠሉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው። ቆይቶ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በእንዶድ ላይ የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሣ። አገራችን የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482ን ያወጣችው በ1998 ዓ.ም ነው።

አዋጁ ግን ቆፋሪን አያስቆምም። ቅጠል የቀጠፈ ተክሉን አይገድልም፤ ሥር የነቀለ ግን ይገድላል። ለጭስ የሚፈለገው ቀበርቾ የአገራችን ብቻ ተክል ነው፤ በመርካቶ የሚሸጠው ሥሩ ነው። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ዙሪያውን ከተላጠ ዛፉ ይደርቃል፤ ልምድ ያለው ለቃሚ ከአንድ ጎን ብቻ ይልጣል። ኮሶም ቢሆን አበባው በመለቀሙ አልተጎዳም፤ ለጣውላ ነው የተቆረጠው። በሰሜኑ ደጋ ዛሬ አገር በቀል ዛፍ የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው።