በስላይድ የማይታየው ወባ፦ ሕዋሳትን የሚያጣብቁ ፕሮቲኖችና ጽኑ የወባ ሕመም

በአንድ ቆላማ አካባቢ ጤና ጣቢያ በምሠራበት ጊዜ፣ ሦስት ቀን ትኩሳት የነበረበትና ራሱን የሳተ ወጣት በቃሬዛ ተይዞ መጣ። የላቦራቶሪው ውጤት «ጥቂት የፋልሲፓረም ቀለበቶች ታይተዋል» ይል ነበር። ተረኞቹም ተሕዋሱ ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ ራሱን ያሳተው ሌላ ሕመም መሆን አለበት በሚል ክርክር ጊዜ አባከንን። ወጣቱ ዳነ፤ ያባከንነው ሰዓት ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስሕተታችን ስላይዱን ባለማንበብ አልነበረም፤ ስላይዱ ሊያሳየን የማይችለውን ባለማሰባችን ነበር።

ጉዳዩን ለመረዳት ከጤናማ ሕዋሳት መነሣት ያስፈልጋል። ሕዋሳት እርስ በርስ የሚተዋወቁትና የሚጣበቁት በገጻቸው ላይ በሚገኙ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ለምሳሌ ነጭ የደም ሕዋስ ወደተመረዘ ቁስል ለመድረስ ከሚፈሰው ደም ውስጥ መቆም አለበት። በመጀመሪያ ሴሌክቲን የተባሉት ፕሮቲኖች ያዝ ለቀቅ እያደረጉ በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ያንከባልሉታል። ቀጥሎ ኢንተግሪን የተባሉት የራሱ ፕሮቲኖች ነቅተው በግድግዳው ላይ ያለውን አይካም-1 አጥብቀው ይይዛሉ፤ ሕዋሱም ቆሞ ወደ ውጭ ይሾልካል። ይህ ሥርዓት ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ የምንረዳው በውርስ የኢንተግሪን ጉድለት ካለባቸው ሕፃናት ነው። እትብታቸው ዘግይቶ ይወድቃል፤ በደማቸው ውስጥ ነጭ ሕዋስ ሞልቶ ሳለ ቁስላቸው መግል አይቋጥርም።

ቀይ የደም ሕዋስ ግን ከደም ሥር ግድግዳ ጋር የሚያጣብቀው ጉዳይ የለውም። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም ያመጣው ለውጥ ይህ ነው። ተሕዋሱ ወደ ቀይ ሕዋሱ በገባ ከ16 እስከ 20 ሰዓት ገደማ ውስጥ ፒ.ኤፍ.ኢ.ኤም.ፒ-1 የተባለ ፕሮቲን ሠርቶ በሕዋሱ ገጽ ላይ በሚፈጥራቸው ጥቃቅን እብጠቶች ላይ ይተክለዋል። ፕሮቲኑም ለሌላ ተግባር የተሠሩትን የደም ሥር ተቀባዮች፣ ማለትም ሲዲ-36ን፣ ከላይ የጠቀስነውን አይካም-1ንና ኢ.ፒ.ሲ.አር.ን ይይዛል። የመጨረሻው ከጽኑ ወባ ጋር ያለው ግንኙነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ኢ.ፒ.ሲ.አር. በጤናማ ሁኔታ ደም በከንቱ እንዳይረጋና የደም ሥሩ ግድግዳ እንዳይጎዳ ያግዛል፤ ተሕዋሱ ሲይዘው ይህ ጥበቃ ይዳከማል።

ተሕዋሱ በዚህ የሚያገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ተጣብቆ የቀረ ሕዋስ በጣፊያ በኩል ስለማያልፍ ተለቅሞ አይጠፋም። በተጨማሪም ለዚህ ፕሮቲን 60 ያህል ልዩ ልዩ ጂኖች ስላሉትና በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ስለሚጠቀም፣ ሰውነት ለአንዱ ፀረ አካል ሲያዘጋጅ ሌላውን ይለብሳል። ጉዳቱ የሚደርሰው በበሽተኛው ላይ ነው። የአንጎል፣ የኩላሊትና የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይዘጋሉ። በአንጎል ወባ የሞቱ ሰዎች የአንጎል ደም ሥሮች በተሕዋስ ተሞልተው እንደሚገኙ የጣሊያን ሐኪሞች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገልጸውት ነበር።

እንግዲህ ከጣት በምንወስደው ደም ውስጥ የምናየው በአብዛኛው ገና ያልተጣበቁትን ወጣት ቀለበቶች ነው። ከ48 ሰዓቱ ዑደት ሁለተኛው አጋማሽ ከዓይናችን የተሰወረ ነው። ስለዚህ የተሕዋሱ ቁጥር በአንድ በሽተኛ ላይ በሰዓታት ልዩነት እጅግ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል፤ አነስተኛ ቁጥርም ጽኑ ወባን አያስቀርም። ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር ማየት ይጠቅማል። በስላይዱ ላይ ቀለም የያዙ የጎለመሱ ተሕዋስያን በብዛት ከታዩ፣ ወይም ከ5 በመቶ በላይ የሚሆኑት ኑትሮፊሎች የወባ ቀለም ውጠው ከተገኙ፣ የተደበቀው ብዙ መሆኑን ያመለክታል። የላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን ይህን በውጤት ወረቀቱ ላይ ቢጽፉልን ትልቅ እገዛ ነው።

በነፍሰ ጡር እናት ላይ መደበቂያው የእንግዴ ልጅ ነው። ቫር-2-ሲ.ኤስ.ኤ. የተባለው የዚሁ ፕሮቲን ዓይነት እዚያ የሚገኘውን ኮንድሮይቲን ሰልፌት ይይዛል። የጣት ደሟ ንጹሕ ሆኖ የእንግዴ ልጇ በተሕዋስ የተሞላ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኪኒን በዋነኛነት የሚገድለው የጎለመሱትን፣ ማለትም አስቀድመው የተጣበቁትን ነው። አርቴሱኔት ግን ወጣቶቹን ቀለበቶች ሳይጣበቁ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ በታተመው፣ 5,425 አፍሪካውያን ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት፣ በኪኒን ከታከሙት 10.9 በመቶ ሲሞቱ በአርቴሱኔት ከታከሙት የሞቱት 8.5 በመቶ ናቸው። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 2.4 ሚሊግራም፣ ከ20 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት 3 ሚሊግራም ሲሆን፣ በመጀመሪያ፣ ከ12 እና ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በየቀኑ ይሰጣል፤ በሽተኛው መዋጥ ሲችል የተሟላ የአፍ መድኃኒት ይከተላል። የተጣበቀውን የሚያላቅቅ መድኃኒት በመደበኛ ሕክምና ውስጥ የለም። በአንጎል ወባ ዴክሳሜታዞን መስጠት ራስን የመሳቱን ጊዜ እንደሚያራዝም እ.ኤ.አ. በ1982 ስለታወቀ ሊሰጥ አይገባም።

ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ 12 እስከ 24 ሰዓታት የተሕዋሱ ቁጥር ከፍ ቢል፣ ተጣብቀው የነበሩት ፈንድተው ያወጧቸው አዳዲስ ቀለበቶች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በዚህ ብቻ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ አይለወጥም።