የአሮጌ ሙሉ ልብስ ዕድሜ በምን ይታወቃል?

በውጭ አገር የተሰፋ አንድ አሮጌ ሙሉ ልብስ በእጃችን ገባ እንበል። ኮቱ ትከሻው ሰፊ፣ የኮሌታው እጥፋት ረዘም ያለ፣ የሱሪውም እግር ሰፋ ያለ ነው። ሻጩ «ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሰፋ ነው» ይለናል፤ ዋጋውንም የሚጠራው በዚሁ ልክ ነው። እንዲህ ያሉ ልብሶችን እየፈለጉ የሚሰበስቡና ለብሰው የሚወጡ ሰዎች በአሜሪካና በአውሮፓ በርካታ ናቸው፤ በአገራችንም «ሰልባጅ» ከምንለው ክምር ውስጥ የአያት ዘመን ኮት ብቅ ቢል አያስገርምም። ታዲያ የሻጩን ቃል በምን እንመዝነው? በዚህ ጽሑፍ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ተነሥተን እስከ አቶም ድረስ በመውረድ ጥያቄውን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ቅርጽ ብቻውን እንደሚያሳስት ልብ ይሏል። በ1930ዎቹ የተለመደው ሰፊ የኮሌታ እጥፋት በ1970ዎቹ ተመልሶ ፋሽን ሆኗል። ስለዚህ የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎችን አካሄድ እንዋሳለን። ከአንድ ጥንታዊ ወለል ሥር ሳንቲም ቢገኝ፣ ወለሉ የተነጠፈው ሳንቲሙ ከተመታ በኋላ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደተነጠፈ ግን ሳንቲሙ አይነግረንም። ልብስም እንደዚሁ ነው። እያንዳንዱ ምልክት «ከዚህ ዘመን በፊት አይደለም» ይላል እንጂ የተሰፋበትን ቀን አይናገርም።

ኪሱ የሚናገረው

በአሜሪካ የወንዶች ልብስ ሠራተኞች ማኅበር በ1914 ከተቋቋመ በኋላ አባላቱ በሰፉት ኮት የውስጥ ኪስ ላይ ምልክቱን ያኖር ነበር። የምልክቱ ንድፍ በ1939፣ በ1949 እና በ1962 ተቀይሯል። ብዙ ጀማሪ ሰብሳቢዎች በምልክቱ ላይ «1949» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ልብሱ በዚያ ዓመት የተሰፋ ይመስላቸዋል። ዓመቱ ግን የንድፉ ነው፤ ኮቱ ከ1949 እስከ 1962 ባለው ጊዜ ውስጥ በማንኛውም ዓመት ሊሰፋ ይችላል። የጨርቁን ዓይነት በመቶኛ የሚገልጽ ጽሑፍ ካለበትም የአሜሪካ ሕጎች ይረዱናል። የሱፍ ምርቶች ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1941፣ ሌሎችን ጨርቆች የሚመለከተው ደግሞ በ1960 ነው። ቋሚ የአስተጣጠብ መመሪያ በልብስ ላይ እንዲሰፋ የታዘዘው ከ1972 ጀምሮ ነው።

በብሪታንያ ከ1941 እስከ 1952 የቆየ ሁለት የ«ሲ» ፊደላትና 41 ቁጥር ያለበት የመንግሥት ምልክት ነበር። የጨርቅ እጥረት በበረታበት በ1942 የወንዶች ሱሪ እግር ወደ ላይ እንዳይታጠፍ ተከለከለ። ደንበኞች ግን ሆን ብለው ረዘም ያለ ሱሪ እየገዙ በቤታቸው ያጥፉት ነበር!

ከሁሉ የላቀው ማስረጃ ግን ልብስ ሰፊዎች በውስጥ ኪስ የሚለጥፉት የደንበኛው ስምና የተሰፋበት ቀን በእጅ የተጻፈበት ቁራጭ ነው። በእኛ አስተያየት ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው መሣሪያዎች ሁሉ ይህን ቁራጭ አይተኩትም።

ክር ሲቃጠል

ጽሑፍ ከሌለ ወደ ኬሚስትሪ እንሄዳለን። ከውስጥ ስፌቱ ትርፍ ጥቂት ክሮች በወረንጦ መዝዘን፣ ውኃ በያዘ ሳህን ላይ በእሳት እንፈትናቸዋለን። ሱፍ ከፀጉር ጋር አንድ ዓይነት ፕሮቲን፣ ማለትም ኬራቲን በመሆኑ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይደቅቃል። ከዕፅዋት ሴሉሎስ የሚሠራው ሬዮን የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል። ፖሊስተር ግን ይኮማተርና ቀልጦ ጠጣር ዶቃ ይሆናል። ይህን ፋይበር ብሪታንያውያኑ ኬሚስቶች ዊንፊልድና ዲክሰን ያገኙት በ1941 ሲሆን፣ ለገበያ በስፋት የቀረበው በ1950ዎቹ ነው። እንግዲህ ከጨርቁ የተመዘዘው ክር ከቀለጠ የሻጩ ቃል አብሮ ቀለጠ ማለት ነው። ክሩ ከስፌቱ የተመዘዘ ከሆነ ግን መጠንቀቅ ያሻል፤ ከዓመታት በኋላ የጠገነው ልብስ ሰፊ ያስገባው ሊሆን ይችላልና። ዚፕም በ1930ዎቹ ወደ ወንዶች ሱሪ የገባ ቢሆንም በቀላሉ ስለሚቀየር እምነት አይጣልበትም።

አቶሙ የሚናገረው

ጨርቁ ንጹሕ ሱፍ ሆኖ ቢገኝስ? እዚህ ላይ ካርቦን-14 ይታወሰናል። የዚህ አይሶቶፕ ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው፤ በ20 ዓመት ውስጥ የሚቀንሰው 0.24 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ የ1930ዎቹን ኮት ከ1940ዎቹ ለመለየት አይበቃም። ሆኖም ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በከባቢ አየር የተካሄዱት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች፣ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ አየር ውስጥ የነበረውን ካርቦን-14 በ1963 ገደማ ወደ እጥፍ አስጠግተውታል። በዚያው ዓመት የተፈረመው ስምምነት ሙከራዎቹን ከገታ በኋላ መጠኑ እየቀነሰ መጥቷል። በግ የበላው ሣር፣ ሣሩም የተነፈሰው አየር የዚያን ዘመን አሻራ ስለሚይዝ፣ ጥቂት ሚሊግራም ሱፍ ከሙከራዎቹ በፊት ወይም በኋላ የተሸለተ መሆኑን ሊነግረን ይችላል። ሙሉ በሙሉ ከፔትሮሊየም የተሠራ ፖሊስተር በአንጻሩ ካርቦን-14 የለውምና በዚህ ሚዛን ከ50,000 ዓመት በላይ ያረጀ ይመስላል።

ነገር ግን አዲስ ችግር ተፈጥሯል። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን-14 አልባ ጭስ የአየሩን መጠን ሲያሳሳው ቆይቶ፣ በ2020ዎቹ መጀመሪያ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከቦምቦቹ በፊት ወደነበረበት ደረጃ መልሶታል። በመሆኑም ዛሬ የተሸለተ ሱፍ በዚህ መለኪያ ብቻ ሲታይ ከ1955 በፊት የተሸለተ ሊመስል ይችላል። ለአስመሳይ ልብስ ሰፊ ከዚህ የተሻለ ዘመን አልመጣም!

ስንለብሰው

አሮጌ ከረባት ከሱፍ ኮት ይበልጥ ስስ ነው። ሐር ሙጫው ሲታጠብ ከክብደቱ እስከ ሩብ ያህል ያጣል፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነጋዴዎች ይህን ለማካካስ በቆርቆሮ ጨው ይነክሩት ነበር። እንዲህ ያለው ሐር ዛሬ በእጥፋቱ ላይ ይሰነጣጠቃልና ባይታሰር ይመረጣል።

የኮቱ ዋና ጠላት ግን ብል ነው። የሚበላው ቢራቢሮ መሰሉ ነፍሳት ሳይሆን እጩ ነው፤ በሰልፈር አተሞች የተሳሰረውን ኬራቲን አንጀቱ ፈትቶ ይፈጨዋል። ላብና የምግብ ጠብታ የነካውን ሱፍ ደግሞ አብልጦ ይወዳል፤ ስለሆነም ለብሰን የዋልነውን ኮት ሳንቦርሽ ወደ ቁም ሣጥን አንመልሰው። ብል ከተጠረጠረም በፕላስቲክ ከረጢት አሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይረዳል፤ ሲወጣ ጤዛ እንዳይዘው ከረጢቱ የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ አይከፈትም። ኮቱን ለማጥበብ ወደ ልብስ ሰፊ ስንወስድም የውስጥ ኪሱን ጽሑፍ ከቦታው እንዳያነሳው፣ ገበሩን መቀየር ግድ ከሆነ አሮጌውን እንዳይጥለው አስቀድመን እንንገረው።