ከመርጡለ ማርያም የሚመጣ ተማሪ ሳይንስን እንዴት ይማር?

ሳይንስን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የማስተማር ጉዳይ በኢትዮጵያ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ወደ ቁጥር ያዘነብላል፤ ስንት ተማሪ ገባ፣ ስንቱ አለፈ፣ ስንት ቤተ ሙከራ ተሠራ። ተማሪው በአንድ የክፍለ ጊዜ ቆይታው ምን ሲያደርግ ዋለ የሚለው ግን እምብዛም አይጠየቅም። ከእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ፣ ከመርጡለ ማርያም ተነሥቶ በድልድል አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚደርስ ወጣት ፊዚክስንና ኬሚስትሪን ከሰሌዳ እየገለበጠ ተምሮ የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዩኒቨርሲቲውም ተቀብሎ የሚያስገባው ወደ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ በዚያ ደግሞ ሰሌዳው በስላይድ ይተካል፣ መገልበጡ ይቀጥላል።

ነገሩ ከመጀመሪያው እንዲህ አልነበረም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ሲከፈት ተማሪዎቹ ጥቂት ስለነበሩ መምህሩ እያንዳንዱን በስሙ ያውቅ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደብ ተወሰነ። መስፋፋቱ የገበሬ ልጅ ዲግሪ እንዲያገኝ በር የከፈተ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው የቀድሞውን ጠባብ በር ዘንግቷል። ሆኖም ክፍሉ ሲሞላ የማስተማሪያው መንገድ አብሮ አልተለወጠም።

በየጊዜው የተለወጠው ሌላ ሌላው ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የፍሬሽማን ዓመት ወደ መሰናዶ ወርዶ ዲግሪው ሦስት ዓመት ሆነ፤ በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰና ዲግሪው አራት ዓመት ሆነ። በመሐል ኮርሶች በሞጁል ታጨቁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ የሪሚዲያል መርሐ ግብር ተጀመረ። በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ክፍተቱን አስፍቶታል። ስለዚህ የሳይንስ መምህሩ ፊት የሚቀመጠው ተማሪ መሠረቱ የሳሳ፣ ጥረቱ ግን ያልሳሳ ተማሪ ነው።

ይህን ተማሪ በሌክቸር ብቻ ማስተማር እንደማያዋጣ የታወቀው ድሀ አገር ውስጥ አይደለም። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኤሪክ ማዙር ተማሪዎቹ ከባድ ስሌት እየሠሩ ስለ ኒውተን ሕጎች የሚቀርብላቸውን ቀላል የቃል ጥያቄ ሲስቱ ተመለከተ። ቀመሩን ይዘውታል፤ ሐሳቡ ግን አልገባቸውም። ከእ.ኤ.አ. 1991 ጀምሮ ሌክቸሩን በአጫጭር ጥያቄዎች መቆራረጥ ያዘ። ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን ያስባል፣ መልሱን ይመርጣል፣ ከዚያ የተለየ መልስ ከመረጠ ጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፣ በመጨረሻም እንደገና ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች ላይ የተደረጉ 225 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ በሌክቸር ብቻ ከሚማሩት 34 በመቶ ያህሉ ሲወድቁ እየሠሩ ከሚማሩት የሚወድቁት 22 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳዩ።

ዘዴው ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ለምሳሌ አንድ የደብረ ማርቆስ መምህር እንዲህ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፦ እዚህ ከተማ ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ሀ፣ በ100፤ ለ፣ ከ100 በላይ፤ ሐ፣ ከ100 በታች። ተማሪዎቹ መልሳቸውን በጣት ቁጥር ደረታቸው ላይ ያሳያሉ፤ እንዲህ ሲሆን መምህሩ ሁሉንም ያያል፣ ጎረቤት ግን አይኮርጅም። ከመጽሐፍ በቃሉ የያዘ «ሀ» ይላል። «ደጋው ብርድ ስለሆነ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል» ብሎ «ለ»ን የሚመርጥም አይጠፋም፤ ስሕተት ቢሆንም ከራሱ ያመነጨው ምክንያት ነውና ለውይይት ይጠቅማል። ከዚያ ቴርሞሜትር ይገባል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,446 ሜትር ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውኃውም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ይኸው ውኃ እስከ 96 ወይም 97 ዲግሪ ይሞቃል። የደጋው ንፍሮ ለምን እሳት ላይ እንደሚቆይ የገባው ተማሪ የትነት ግፊትን ትርጉም አይረሳም። ይህ ሁሉ ከ15 ደቂቃ አይበልጥም።

አሳታፊ ዘዴ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነው የሚለው ክርክር በጎጃም ምድር ሲነገር ያስገርማል። ከመርጡለ ማርያም ብዙም የማይርቁት ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከወዲያም ዋሸራና ጎንጅ፣ ስማቸው የገነነው ተማሪው የራሱን ሥራ ይዞ ካልቀረበ በማያሳልፍ ትምህርት ነው። የቅኔ ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ቅኔ መልሶ ቢደግም ተማረ አይባልም። መንገዱን ሰምቶ፣ ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፤ ከሁለቱ የጉባኤ ቃና ቤቶች ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ የተሰበረው ቤት፣ የተሳተው አገባብ እዚያው ይታረምለታል። አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን እያረመ ይማራል። ማዙር በአዳራሹ ያደረገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እርግጥ ልዩነት አለ፤ ቅኔውን የሚዳኘው መምህሩ ነው፣ የፊዚክስ ተማሪውን መልስ የሚዳኘው ግን ቴርሞሜትሩ ነው። የየዕለቱ ሥራና የየዕለቱ እርማት ግን የሁለቱም መሠረት ነው፤ ከቅኔ ቤት ወደ ሳይንስ ክፍል ሊሻገር የሚገባውም ይኸው ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ይህን ሳይሞክር አልቀረም። ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህራን በከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም አሳታፊ ማስተማርንና ተከታታይ ምዘናን ሠልጥነዋል። ሥልጠናው ብዙ መምህራንን አንቅቷል። ክፍል ሲገቡ ግን የሚጠብቃቸው የታጨቀ ሞጁልና የተጨናነቀ አዳራሽ ሆነ። ተከታታይ ምዘና ወደ ተከታታይ ኩዊዝ ተለወጠ፤ «አንድ ለአምስት» አደረጃጀትም የመማሪያ ቡድን መሆኑ ቀርቶ የቁጥጥር መልክ ሲይዝ ተማሪው ሸሸው። በቡድን አሳይመንት አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይፈርማሉ። ይህን አይቶ «ዘዴው አይሠራም» ማለት ግን ትክክል አይደለም፤ ቡድኑ የተሰጠው አከራካሪ ጥያቄ ሳይሆን ከኢንተርኔት የሚገለበጥ ርእስ ነበርና።

ከተማሪውም በኩል ተቃውሞ ይመጣል። መምህሩ ጥያቄ አቅርቦ ዝም ሲል «ዛሬ አላስተማረንም» የሚል ቅሬታ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከሃርቫርድ የወጣ ጥናት ተማሪዎች እየሠሩ ሲማሩ የበለጠ እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን የተማሩ የሚመስላቸው በጥሩ ሌክቸር እንደሆነ አሳይቷል። መድኃኒቱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ምክንያቱን ማስረዳት ነው።

ቋንቋውም ቀላል ሸክም አይደለም። የመርጡለ ማርያም ልጅ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ሐሳቡ ሳይገባው የቀረው ፊዚክሱ ከብዶት ይሁን ዓረፍተ ነገሩ፣ መምህሩ ለመለየት ይቸገራል። ተማሪዎች ከጎረቤታቸው ጋር በአማርኛ ተከራክረው መልሱን በእንግሊዝኛ ቢጽፉ ሁለቱም ይገኛል። በቡድን ውይይት ጊዜ አማርኛን መከልከል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

ትልቁ ብክነት ያለው ግን በላብ ነው። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ሙከራ በማኑዋል ይሰጣል፤ አንድ መሣሪያ ዙሪያ ከተሰበሰቡት አንዱ ይነካል፣ ሌሎቹ ቁጥር ይገለብጣሉ፣ የላብ ሪፖርቱ ካለፈው ዓመት ይወረሳል። ሳይንስ የሚጀምረው መልሱ ካልታወቀ ጥያቄ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኘ። የቢልሃርዚያ በሽታ አስተላላፊዎች ናቸውና «ምን ገደላቸው?» ብሎ ጠየቀ። እንዶዱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጥያቄውን ያመጣው ግን እሱ ነው። ያ ምርምር በኋላ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. የ1989ኙን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቶለታል።

በምሥራቅ ጎጃምም እንዲህ ያለ ጥያቄ ከግቢው አጥር ውጭ ሞልቷል። በጮቄ ዙሪያ ያለው የደጋ አፈር በዝናብ እየታጠበ አሲዳማ ሆኗል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የስንዴውንና የገብሱን ሥር ይጎዳል፤ ገበሬው ማዳበሪያ ቢጨምርም ምርቱ አይጨምርም፤ ማረሚያው ኖራ ነው። የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪዎች ከየመጡበት ቀበሌ አንድ አንድ ጭብጥ አፈር ይዘው ቢመጡ፣ ፒኤቹን ቢለኩ፣ ስንት ኖራ እንደሚያስፈልገው ቢያሰሉ፣ ተመልሰውም ቢያረጋግጡ፣ አሲድና ቤዝን፣ የመለኪያ ስሕተትንና የናሙና አወሳሰድን በአንድ ሴሚስተር ይማራሉ። ሪፖርቱም ከማንም አይገለበጥም፤ የእነብሴ አፈር ቁጥር ከጎዛምን አይገኝምና።

ይህ ሁሉ የሚጸናው ፈተናው ሲደግፈው ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ብቻ የያዘ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ዲፓርትመንቶች ውጤታቸው በእሱ ስለሚመዘን የመጨረሻውን ዓመት ወደ ክለሳና ወደ አሮጌ ጥያቄዎች እያዞሩት ነው። የምርጫ ጥያቄ በራሱ ጠላት አይደለም፤ የድስቱ ጥያቄም ምርጫ ነው። ችግሩ ጥያቄው ትርጓሜና ቀመር ብቻ ሲጠይቅ ነው። ፈተና አውጪዎች ጽንሰ ሐሳብን የሚፈትኑ ጥያቄዎችን ቢያበዙ፣ ዲፓርትመንቶችም የላብና የመስክ ሥራን በግሬዱ ውስጥ እውነተኛ ክብደት ቢሰጡት፣ አዳራሽ ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋር ጥያቄ ይዞ የሚታገለው መምህር ጊዜ አባካኝ ተብሎ አይወቀስም።