ሞተር ለተቀየረለት አሮጌ ላንድክሩዘር የካምቢዮ ምርጫ

ካምቢዮ ሞተር የሚያወጣውን ጉልበትና ዙር መንገዱ በሚፈልገው ልክ ለውጦ ወደ ዲፈረንሻልና ወደ ጎማ የሚያደርስ የጥርሶች ሳጥን ነው። የአሮጌ መኪና ሞተር ወርዶ ሌላ ዓይነት ሲገባ፣ ነባሩ ካምቢዮ ይቆይ ወይስ አብሮ ይቀየር የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው 40 ተከታታይ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። ቤንዚን ጠጪው ባለስድስት ሲሊንደር ሞተሩ በመጀመሪያ 3.9 ሊትር፣ በኋላ 4.2 ሊትር ነበር። በናፍጣ የሚተካ ሰው ከዚያው ፋብሪካ ባለአራት ሲሊንደሩን 3.4 ሊትር ስሪ ቢ ወይም ባለስድስት ሲሊንደሩን 4.0 ሊትር ቱ ኤች ሊያስገባ ይችላል።

መኪናው የሚሠራው በደቡብ ወሎ፣ በወረኢሉና በመካነ ሰላም አካባቢ ከሆነ ምርጫው ከከፍታው ይጀምራል። ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከአቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ 100 ፈረስ ጉልበት የተባለለት ሞተር እዚህ ከ75 ብዙም አያልፍም። ካታሎግ ላይ የሰፈረው የቆላ ቁጥር ነው። መንገዱ ደግሞ ዳገት ነው፤ ክረምት ሲገባ ዋልካው ጎማ ይይዛል፤ በገበያ ቀን እህልና ሰው እላይ በላይ ይጫናል። ሞተሩ ያጣውን ጉልበት በጥርስ የሚያካክሰው ካምቢዮው ነው።

ለ40 ተከታታይ ከተሠሩት ባለአራት ማርሽ ካምቢዮዎች ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አንደኛ ማርሻቸው ግን በጣም ይለያያል። ኤች 41 የሚባለው በአንደኛ ማርሽ ዙሩን 4.9 ጊዜ ይቀንሳል፣ ኤች 42 ደግሞ 3.55 ጊዜ። 4.11 ዲፈረንሻልና ዙሪያው 2.5 ሜትር ገደማ የሆነ ጎማ ያለው መኪና፣ ሞተሩ በደቂቃ 1,000 ሲዞር በኤች 41 በሰዓት 7.4 ኪሎ ሜትር፣ በኤች 42 ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ልዩነቱ የሚታየው ተጭኖ ዳገት መሐል ቆሞ እንደገና ሲነሣ ነው፤ በኤች 42 ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን እያቃጠለ ይነሣል፣ አለዚያም ዙሩን እንደገና የሚቀንሰውን ሪዱታ ያስገባል። ፋብሪካው ራሱ ኤች 41ን ለናፍጣ፣ ኤች 42ን ለቤንዚን ሞተር መመደቡ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ቤንዚኑን አውርዶ በናፍጣ የተካ ሰው ነባሩን ኤች 42 ቢተው መኪናው ይሄድለታል፤ በዚህ ደጋ ግን ሥራው ግማሽ ላይ ቆሟል።

ያገለገለ ካምቢዮ ወረቀት ይዞ አይመጣም። ሆኖም በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራ ወለል ላይ የተቀመጠውን ሳጥን በእጅ ማወቅ ይቻላል። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ሪዱታ ከተያያዘበትም በረጅሙ ትቶ፣ ከፊት ያለውን ዘንግ በእጅ እያዞሩ የኋላው አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር መቁጠር ነው። አምስት ሊሞላ ጥቂት ከቀረው ኤች 41፣ ሦስት ተኩል ከሆነ ኤች 42 ነው። ቀጥሎ ዘይቱን በጣሳ ማውረድ ይገባል። ወርቅማ ብናኝ የነሐስ ሲንክሮናይዘር ቀለበቶች መበላታቸውን ያሳያል፤ ይህ በአሮጌ ካምቢዮ የሚጠበቅ ነው። ማግኔት የሚስበው የብረት ፍንጣሪ ከተገኘ ግን የተሰበረ ጥርስ አለ ማለት ነው፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መተው ይሻላል።

ሦስተኛው አማራጭ ባለአምስት ማርሹ ኤች 55 ኤፍ ነው። አንደኛ ማርሹ 4.84 በመሆኑ ከኤች 41 እምብዛም አያንስም፤ አምስተኛው ደግሞ 0.85 ገደማ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲኬድ በአራተኛ ማርሽ 2,200 ገደማ የሚዞረው ሞተር በአምስተኛ ወደ 1,850 ይወርዳል። እስከ ደሴና አዲስ አበባ ለሚመላለስ መኪና ይህ ነዳጅም ጆሮም ያተርፋል። ከወረኢሉ ካቤ፣ ከአቀስታ መካነ ሰላም ለሚል መኪና ግን አምስተኛው ማርሽ አልፎ አልፎ የሚነካ ቅንጦት ነው፤ ገንዘቡ ለደህና ጎማና ለፍሬን ቢውል ይሻላል።

ቁልቁለቱም የራሱ ጥያቄ አለው። ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ጭነት የያዘ መኪና ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ፍሬኑ ግሎ ይከዳል። በኤች 41 አንደኛ ማርሽ ላይ 1.96 የሆነው ሪዱታ ሲጨመር መኪናው በ1,000 ዙር 3.8 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል።

ከምርጫው በኋላ ያለው የመግጠም ሥራ ነው። ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው ፍሪሲዮኑን የሚሸፍነው ካምፓና ስለሆነ ሞተር ሲገዛ ካምፓናውን፣ ቮላኖውንና ሞተሪኖውን አብሮ መግዛት ብዙ ጣጣ ያስቀራል። የፍሪሲዮን ዲስኩ ውስጣዊ ጥርስ ከካምቢዮው የፊት ዘንግ ጥርስ ጋር በቁጥርም በውፍረትም መግጠም አለበት። የሌላ ፋብሪካ ሞተር ከሆነ መሐል የሚገባ ሳህን ቶርኖ ቤት ይሠራል። እዚህ ላይ ስሕተት አይታለፍም። የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚቀመጠው በሞተሩ ዋና ዘንግ (ኮሎ) ጫፍ መሐል ባለች ትንሽ ኩሽኔታ ነው፤ የሁለቱ መሐል ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙ ከተዛነፈ ኩሽኔታዋ ትበላለች፣ ማርሽ አልገባም ይላል፣ ዘይትም ከፊት ይፈሳል። ስለዚህ ሳህኑ በዓይን ሳይሆን ሰዓት በሚመስለው ባለ መርፌ መለኪያ ይታያል። ካምቢዮው ከነባሩ ከረዘመ ሪዱታው ወደ ኋላ ስለሚገፋ የኋላው ትራስሚሲዮን ያጥራል፣ የፊተኛው ይረዝማል፤ ተቆርጠው ሲበየዱም ክሮቸራዎቹ በአንድ መስመር መዋላቸውና ዘንጉ ሚዛን መጠበቁ ይረጋገጣል።

የሌላ መኪና ሞተር ሲቀየር ደግሞ የካምቢዮው ጥንካሬም ይታሰባል። ለምሳሌ የድሮው ላንድሮቨር ካምቢዮ ለ2.25 ሊትር ሞተር የተሠራ ነው፤ ትልቅ ናፍጣ ሞተር ሲጫንበት ጥርስ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በነበሩት ደግሞ አንደኛና ሁለተኛ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ስለሌላቸው ፍሪሲዮን ሁለቴ ሳይረግጡ ማርሽ ማውረድ አይቻልም። አውቶማቲክ ካምቢዮ ለዚህ አገር ብዙም አይመከርም። የራሱን ዘይት ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ በብርዳም ጠዋት ባትሪ ሲደክም ገፍቶ ማስነሣትም አይቻልም።

ሥራው ሲያልቅ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም፣ የግዢ ሰነድ ይዞ ወደ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሄዶ ማስለወጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ቦሎ ላያገኝ ይችላል።