በንግግር መዳን እንዴት ይሠራል?

«ኪኒን ካልሰጡኝ፣ ተናግሬ ምን ልሆን?» ወደ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ሂዱ ከተባሉ ሰዎች ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መድኃኒት ማዘዝ በአብዛኛው የሳይካትሪስቱ ሥራ ነው፤ እርሱ ሐኪም ነው። የሳይኮሎጂስቱ መሣሪያ ንግግርና ልምምድ ነው። ይህ ንግግርና ልምምድ «አይዞሽ፣ ቻይው» ከሚለው የጎረቤት ምክር በምን እንደሚለይ የአንድ ሕፃን ታሪክ ያሳየናል።

ፒተር ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ጥንቸል ሲያይ ያለቅሳል፤ ጥጥ ሳይቀር ያስፈራዋል። አሜሪካዊቷ ሳይኮሎጂስት ሜሪ ከቨር ጆንስ እንዴት እንደረዳችው በ1924 እ.ኤ.አ. ጽፋለች። መጀመሪያ ጥንቸል ከማይፈሩ ልጆች ጋር አጫወተችው። ፍርሃቱ እየቀነሰ ሳለ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ ሲወጣ ትልቅ ውሻ ዘለለበትና ፍርሃቱ አገረሸ። ከዚያ በኋላ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏ በሽቦ ሳጥን ሆና ራቅ ብላ ትቀመጥ ጀመር። መብላቱን እስካላቋረጠ ድረስ ትንሽ ትንሽ ትጠጋለች። በመጨረሻ ጥንቸሏ ጣቶቹን ስትነካክስ ዝም አላት።

ፍርሃት የሚደልበው በሽሽት ነው። በሸሸን ቁጥር ልባችን ያርፋል፤ አእምሯችንም «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይይዛል። ቀስ ብለን ተጠግተን ስንቆይ ግን የጠበቅነው አደጋ አለመምጣቱን ይማራል። ሊፍት የሚፈራ ሰው መጀመሪያ በሩ አጠገብ ይቆማል፤ ሌላ ቀን አንድ ፎቅ ይወጣል። ገፍቶ ማስገባት ሕክምና አይደለም። ይህ ቀስ በቀስ የመጠጋት መንገድ የባህርይ ሕክምና ይባላል።

የፊላደልፊያው ሳይካትሪስት አሮን ቤክ ደግሞ በ1960ዎቹ፣ ድብርት የያዛቸው ሰዎች በቅጽበት ብልጭ የሚልባቸውን ሐሳብ ልብ አለ። ጎረቤት ሰላም ሳትል አለፈች እንበል። «ጠልታኛለች» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ ቀኑ ይጨልማል። ቤክ ከዚህ ተነሥቶ ባዳበረው ሕክምና ሐሳቡ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ማስረጃው ምንድን ነው? ቸኩላ ይሆን? ከዚያም የቤት ሥራ ይሰጣል፦ ነገ ቀድመሽ ሰላም በያትና የምትመልሰውን እይ።

ከቪየናው ሐኪም ፍሮይድ የመጣው መንገድ ወደ ልጅነትና ወደተቀበረ ስሜት ይመለሳል። አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ካርል ሮጀርስ በበኩሉ ሳይፈርዱ ከልብ ማዳመጥ ራሱ ሰውን እንደሚለውጥ አስተማረ። እኔ የሮጀርስ ጆሮ ለሁሉም መሠረት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያልተማመነ ሰው ጭንቀቱን አያወጣም። ብዙ ባለሙያዎችም መንገዶቹን እንደ ሰዉ ሁኔታ ያቀናጃሉ።

እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የሸሸ የቤተሰብ አባል ካላችሁ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ጸሎቱንም ጸበሉንም መተው አያስፈልገውም። ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በምን መንገድ ነው የምንሠራው? እስከ ቀጠሮው ቤት ውስጥ ምን እንለማመድ? ጥሩ ባለሙያ ሁለቱንም በግልጽ ይመልስላችኋል።