በራይን ወንዝ የተቀበረው የራስ ቁርና ያልለቀቀው ሙጫ

በጀርመን አገር በስተምዕራብ፣ ራይን በሚባለው ታላቅ ወንዝ አጠገብ፣ ክሳንተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስሟ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ከቅዱሳን ዘንድ» ማለት ነው። ይህንም ስም ያገኘችው፣ የአገሩ ትውፊት እንደሚያስረዳው፣ በንጉሡ በመክስምያኖስ ዘመን ለጣዖት አንሠዋም ብለው አንገታቸውን ለሰይፍ ከሰጡት ወታደሮች አንዱ ቅዱስ ቪክቶር ከባልንጀሮቹ ጋር በዚያ ስላረፈ ነው። ወታደሮቹም ከላይኛው ግብፅ፣ ከቴብስ አገር የመጡ ክርስቲያኖች እንደ ነበሩ ይነገራል። የግብፅ ሰማዕታት ነገር ለኦርቶዶክሳዊ ቤት እንግዳ አይደለምና በመንገዳችን ላይ አነሣነው እንጂ፣ የዛሬው ነገራችን ከእነርሱ ዘመን አስቀድሞ በዚያው ስፍራ ጠፍቶ ስለ ቀረ አንድ የወታደር የራስ ቁር ነው።

ሮማውያን ጌታችን ከመወለዱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ጀምሮ በክሳንተን አጠገብ ታላቅ የጦር ሰፈር ነበራቸው፤ የራይን ወንዝም የግዛታቸው ድንበር ሆኖ ኖሯል። በ1986 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ወንዙ በጥንት ዘመን ይፈስበት ከነበረው፣ ኋላ ግን ትቶት ከሄደው መውረጃ ውስጥ የአንድ ሮማዊ ፈረሰኛ የራስ ቁር ተገኘ። ቁሩ ከብረት የተሠራ ሲሆን፣ ዙሪያውን ከስስ ብር የተቀረጹ የሎሬል ቅጠሎች እንደ አክሊል ተደርድረውበታል። ሎሬል በሮማውያን ዘንድ የድል አድራጊ ምልክት የሆነ ዛፍ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በላከው መልእክት የመዳንን የራስ ቁር ሲጠቅስ፣ አንባቢዎቹ በየአደባባዩ የሚያዩት ወታደር በራሱ ላይ የደፋው የዚህ ዓይነቱን ዕቃ ነበር፤ እርግጥ ነው፣ የተራው ወታደር ቁር በብር አላጌጠም።

ይህ የራስ ቁር ቢያንስ 1,500 ዓመት በወንዝ ጭቃ ውስጥ ከኖረ በኋላ፣ ለጥገና በቦን ከተማ ወደሚገኘው የራይንላንድ ቤተ መዘክር ገባ። የቤተ መዘክሩ የጥገና ባለሙያ ፍራንክ ቪለር ብረቱን ለመመርመር ፈልገው እጅግ ቀጭን በሆነ መጋዝ ትንሽ ቅንጣት ቈረጡ። መጋዙ በሚሠራበት ጊዜ ያመነጨው ሙቀት ግን የብሩን ቅጠሎች ከብረቱ ላይ አላቀቃቸው። ለአንድ ጠጋኝ በእጁ የያዘው የጥንት ዕቃ ሲላቀቅ ከማየት የበለጠ የሚያስደነግጥ ነገር ይኖራል ብለን አንገምትም። ነገር ግን ከቅጠሎቹ ሥር የታየው ነገር ድንጋጤውን ወደ ደስታ የሚለውጥ ነበር። ብሩን ከብረቱ ጋር አያይዞ ያቈየው የእሳት ብየዳ ሳይሆን ሙጫ መሆኑ ታወቀ። ነገሩም በ2007 ለሕዝብ ተገለጸ።

ሙጫው ሲመረመር ሦስት ነገሮች ተገኙበት፤ እነዚህም ከምድር የሚወጣ ዝፍት፣ ከዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ቅጥራንና የከብት ሞራ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ቤተሰብ ሁሉ በስማቸው ያውቃቸዋል። ኖኅ መርከቡን ውኃ እንዳያስገባ የለቀለቀው በቅጥራን ነው፤ የሙሴ እናት ሕፃኗን በዓባይ ዳር ያኖረችበትን የደንገል ሣጥን የቀባችው በዝፍትና በቅጥራን ነው፤ የባቢሎንን ግንብ የጀመሩትም ሰዎች ጡባቸውን ያያያዙት በምድር ዝፍት ነው። ስለዚህ ሮማውያን አዲስ ነገር ፈጠሩ ከማለት ይልቅ፣ ከእነርሱ በፊት የነበረውን ዕውቀት ወርሰው አራቀቁት ማለት የሚሻል ይመስለናል።

ቅጥራኑን ከዛፍ ቅርፊት ማውጣት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቅርፊቱ በአየር ፊት ቢነድ ዐመድ ብቻ ይሆናል፤ አየር እንዳያገኝ ተከድኖ ሲጋል ግን ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ ያንጠባጥባል። በአገራችን ከሰል የሚያከስል ሰው እንጨቱን በአፈር የሚደፍነው ለምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሰሜን አውሮፓ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ነጭ ቅርፊት ያለው በርች የተባለው ዛፍ ነበር። በ79 ዓ.ም. የቬሱቪየስ ተራራ እሳት በፈነዳ ጊዜ የሞተው ሮማዊው ሊቅ ፕሊኒ፣ የጎል አገር ሰዎች ከዚህ ዛፍ ዝፍት አፍልተው እንደሚያወጡ ጽፏል። ከእርሱም በብዙ ሺህ ዓመታት የሚቀድም ምስክር አለ፤ በ1991 በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘው 5,300 ዓመት ያህል ያስቈጠረ ሰው የፍላጻዎቹን ጫፍ ከእንጨታቸው ጋር ያያያዘው በበርች ቅጥራን ነው።

ሦስቱ ነገሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው። ዝፍቱ ውኃን ይከላከላል፤ ቅጥራኑ አጥብቆ ይይዛል፤ ቅጥራን ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰባበር ደግሞ ሞራው ያለሰልሰዋል። ድብልቁ ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይጠነክራል። ወንዙም የበኩሉን ረድቶታል፤ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ብዙ ነገር ሳይበሰብስ ይኖራልና። ይሁን እንጂ የሙጫውን ዕቃዎች ስም ማወቅ ሙጫውን መሥራት ማወቅ አይደለም። የአንዱ መጠን ከሌላው ጋር ስንት ነው? እሳቱስ እስከምን ድረስ ነው? በምን ጊዜስ ይጨመራል? የወጥ ቅመም ስም የሚቈጥር ሁሉ ባለሙያ እንዳልሆነ እናቶቻችን ያውቁታል።

በዚህ ሙጫ ነገር እኛን ይልቁን የሚያስደንቀን ሌላ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ በውኃ ውስጥ ያልለቀቀው ሙጫ፣ በመጋዝ ሙቀት ብቻ ብሩን ከብረቱ ለቀቀ። የዛሬ ዘመን የጥንት ዕቃ ጠጋኞችም የሚሹት እንዲህ ያለውን፣ ሳያበላሹ መልሰው ሊያነሡት የሚችሉትን ማጣበቂያ ነው፤ ነገ የተሻለ ዘዴ ቢገኝ የዛሬው ሥራ እንቅፋት እንዳይሆን ይጠነቀቃሉና።

ይህ ነገር ወደየቤታችን ይመጣል። ከአያት የወረደ የብራና ዳዊት ያላቸው ብዙ ቤተሰቦች፣ ቅጠሉ ሲቀደድ በፕላስተር መለጠፍን እንደ ቀላል ጥገና ይቈጥሩታል። የፕላስተሩ ሙጫ ግን በዓመታት ውስጥ ይበጫል፣ ወደ ብራናው ይሰርጋል፤ ሊያነሡት ሲሞክሩም ቀለሙን ይዞ ይነሣል። የብራና መጽሐፋችን ጥራዝ ደግሞ ከእንጨት ገበታው ጋር የተያያዘው በክር ስፌት ነው፤ ጀርባው ላይ የሚፈስ የሱቅ ሙጫ ቅጠሎቹን አንድ ላይ አድርቆ መጽሐፉ በሚገባ እንዳይከፈት ያደርገዋል። ስለዚህ ስፌቱ የተፈታ ዳዊት ያለው ቤተሰብ የወደቁትን ቅጠሎች በተራቸው ሰብስቦ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ እርጥበትና ጢስ በማይደርስበት ስፍራ ያኑረው፤ መስፋት የሚያውቅ ደጓሽ እስኪገኝም አንዳች ሙጫ አያስነካው።