ደህና ሆነው የታዩት መቼ ነው?

በኤረር በር በኩል ወደ ሐረር ጀጎል የሚገባ አምቡላንስ ብዙም ሳይርቅ ይቆማል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረችው ከተማ ለእግረኛና ለአህያ እንጂ ለመኪና አልተሠራችም። ስለዚህ ቃሬዛው በሰው እጅ ይገባል። ምርመራውም የሚጀመረው ሆስፒታል ሳይሆን ሐረሪዎች ነደባ በሚሉት የቤት መደብ ላይ ነው።

አንዲት እናት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል እንበል። የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያው መጀመሪያ የሚመለከታቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የሲንሲናቲ ሐኪሞች በ1990ዎቹ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ያሰናዱት መለኪያ ነው። “እማማ፣ ጥርስዎን ያሳዩኝ።” ፈገግ ይበሉ ከማለት ይሻላል፤ ቤቱ በድንጋጤ ሲታመስ ማን ይስቃል? ቀጥሎ ዐይናቸውን ጨፍነው ሁለት እጃቸውን ለ10 ሰከንድ ዘርግተው እንዲይዙ ይጠይቃቸዋል። በመጨረሻም አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ያስደግማቸዋል። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ከተዛባ ስትሮክ መጠርጠር አለበት።

“ንፋስ ነው የመታቸው” የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ሁልጊዜም አይሳሳትም፤ የፊት ነርቭ ብቻ ሲታመም አፍ ይጣመማል። ግን ያን ጊዜ በዚያው ጎን ግንባርም አይሸበሸብም፣ ዐይንም በደንብ አይከደንም። ግንባርን ሁለቱም የአንጎል ጎኖች ስለሚያዙት ስትሮክ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። “ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ” ማለት ለዚህ ይጠቅማል፤ እጅ ከደከመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ግን የንፋስ ወሬ እዚያው ይቅር።

የንግግሩ ፈተና ሐረር ላይ አንድ ወጥመድ አለው። ሐረሪ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ በአንድ ሰፈር በሚነገርበት ከተማ፣ በሐረሪ ያደጉ እናት በአማርኛ ሲጠየቁ ቢንተባተቡ ምላሳቸው ነው የታመመው ወይስ ቋንቋው ነው የከበዳቸው? በአፍ መፍቻቸው የሚጠይቅ የቤተሰብ ሰው አጠገብ መቆም አለበት። ጣትም ተወግቶ የደም ስኳር ይታያል፤ ስኳር በጣም ሲወርድ ስትሮክን መምሰል ይችላልና።

ስትሮክ ነው ከተባለ ቀጥሎ የሚመዘነው ክብደቱ ነው። የሎስ አንጀለስ መለኪያ የሚባለው ከ5 ይቆጠራል፦ ፊት ከተጣመመ 1፤ የተዘረጋው እጅ ቀስ ብሎ ከወረደ 1፣ ወዲያው ከወደቀ 2፤ ጭብጡ ከላላ 1፣ ጭራሽ ካልጨበጠ 2። ድምሩ 4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ትልቅ የደም ሥር ተዘግቷል ተብሎ ይጠረጠራል። ነጥቡ በስልክ ከሕመምተኛዋ ይቀድማል፤ ሲቲ ስካን ወዳለበት እንዲሄዱና እዚያም ተዘጋጅቶ የሚጠብቃቸው ሰው እንዲኖር። የተዘጋ ነው ወይስ የፈሰሰ የሚለውን ያለ ሲቲ ስካን ማንም አይለይም፤ መንገድ ላይ አስፕሪን የማይሰጠው ለዚህ ነው። ውኃም ቢሆን ይቆይ፣ ትን ሊላቸው ይችላል።

ይህ የድንገተኛ ሕክምና ሙያ በእኛ አገር ገና ወጣት ነው። አምቡላንስን አልጋ ያለው ታክሲ አድርገን ስናይ ኖረናል። በፈረንጆቹ 2008 ክብረት አበበ ቤቱን ሸጦ አዲስ አበባ ላይ ጠብታ አምቡላንስን ሲጀምር ብዙዎች ገርሟቸው ነበር።

ለእኔ ግን ከሁሉም ጥያቄ የሚከብደው “ደህና ሆነው የታዩት መቼ ነው?” የሚለው ነው። መቼ ተገኙ አይደለም፤ መቼ ደህና ነበሩ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛው አሠራር የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚርቀው የአዲስ አበባ መንገድ አይበቃም። ጀጎል ውስጥ ደግሞ መልሱ ከግድግዳ ሰዓት ይልቅ ከመስጊድ ይመጣል፦ “ለሱብሂ ሲነሱ ደህና ነበሩ፤ ከዚያ ተኙ።” ይህ ግሩም መልስ ነው፤ የንጋቱን አዛን ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል።

አደጋው ሲጻፍ ነው። ባለሙያው “11 ሰዓት” ብሎ ያሰፍራል፣ ሌሊቱን ማለቱ ነው። እናቲቱ ሆስፒታል የደረሱት ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በፈረንጅ ሰዓት የለመደ ሐኪም ወረቀቱን ሲያይ ረፋዱን አስቦ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ያለፈ ይመስለዋል፤ ያለፈው ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ስሌት የተሰጠ መድኃኒት አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። “ሌሊት” የምትለዋን ቃል ከ11 አጠገብ ለመጻፍ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።